የሳነቴ ፊልድ

ሳነቴ፣ መስከረም 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሲሙ፣

እንዴት ከረማችሁ? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ ብዬ መቅረቴን ይቅር በይኝ። ቀኑን ያሳለፍኩት አበባውን ማን ገዛ፣ ዶሮውን ማን አረደ እያልኩ ነው። ላንቺ የሚበቃ ሰበብ አላጣም፤ ለአባባ የሚበቃ ግን የለኝም።

ለምን አትደውልም ላልሽው፣ ደውዬ ምን ልበል? ገና «ሃሎ» ስትይ አባባ «ስፒከር ላይ አድርጊው» ሲሉ ይሰማኛል። ከዚያ ወዲያ ከአፌ የሚወጣው ሁሉ ውሸት ነው። ወረቀት ይሻለኛል። የካምፓችን ሾፌር ፈየራ እንግዳ ሊያደርስ አዲስ አበባ በገባ ቁጥር ባምቢስ ያለው ሁዘይፋ ሱቅ ያስቀምጥልሻል፤ ከሆቴል ሥራሽ ስትወጪ ብቅ እያልሽ ጠይቂ። መልስሽንም እዚያው ተዪለት። ሁዘይፋ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የኔን ጉድ ሲሸፍን የኖረ ጓደኛ ነው፣ ይኼንንም ይሸፍናል።

«ፊልዱ መቼ ነው የሚያልቀው ሲሉኝ ምን ልበላቸው?» ብለሻል። አላውቅም፣ ሲሙ። ያ ቃል እንዲህ ሥር ይሰዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሚያዝያ ላይ ለባንኩ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን አስገብቼ፣ በማግስቱ ሻንጣና ካሜራ ይዤ ስወጣ አባባ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ፊልድ ነው?» አሉኝ። «አዎ፣ ፊልድ ነው» አልኳቸው። በቃ። ቃሉን ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ተቀበልኩ። መንገዱን ሙሉ ውሸት አይደለም እያልኩ ራሴን ሳሳምን ሄድኩ። ሜዳ ላይ ልውል፣ ሜዳ ላይ ላድር ነው፤ ከዚህ የበለጠ ፊልድ የት አለ? ግን አንቺም እኔም እናውቃለን። በኛ ቤት ፊልድ ማለት መሥሪያ ቤት የላከው ሰው ሠርቶ ሲያበቃ ወደ ወንበሩ የሚመለስበት ነው። እኔ ደግሞ ወንበር የለኝም።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሻል። ቀይ ቀበሮዋ የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃለች፣ እኔ ከኋላዋ በደረቴ ተኝቼ እጠብቃታለሁ። ስብሰባ ላይ ትንሽ ሲቀመጥ እግሩ የሚንቀጠቀጠው ሰውዬ እዚህ የጅብራ ግንድ ተደግፎ ሳይነቃነቅ ይውላል። ደስተኛ ነኝ። ይኼን ላንቺ መጻፍ ያሳፍረኛል፤ እዚያ ሆነሽ የኔን ጥያቄ የምትመልሺው አንቺ ነሽና። ግን ደስተኛ ነኝ።

ለአባባ ሥራ በዝቶበት ተራዝሟል በያቸው። ሳስዋሽሽ ይኼ የመጨረሻዬ ነው።

ወንድምሽ ዘአማኑኤል


ካዛንቺስ፣ መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአማኑ፣

እንደምን አለህ? እኛ ደህና ነን፣ ደህና የሚባለውን ያህል። አበባውን የገዛሁት እኔ ነኝ። ዶሮውን አባባ ሊያርዱ ይዘውት አመለጣቸውና ግቢውን ዞሮ ዞሮ፣ እኛም ተከትለነው ዞርን፤ ጎረቤት ሁሉ በአጥር ሳቀብን። አንተ ብትኖር ኖሮ በሩን ትዘጋ ነበር።

«ተራዝሟል» አልኳቸው። «ነዋ! ሥራ የሚቆለለው ጎበዝ ሰው ላይ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ላገኙት ሁሉ የሚሉት ይኼንኑ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ ለሚያገኟቸው፣ ለፀጉር ቆራጩ፣ ለሁሉም። «የኔው ልጅ እኮ ፊልድ ላይ ነው፣ ባንኩ አልለቀው አለ»። እኔ አጠገባቸው ቆሜ መሬት መሬቱን አያለሁ።

አሁንም ይወጣሉ ወይ ብለህ ታስብ ይሆናል። አዎ፣ ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው ግቢው መሃል ይቆሙና ወደ ባንኩ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ያያሉ። የተቀጠርክ ቀን ከመስኮቱ ነጭ ወረቀት ያውለበለብክላቸው ጊዜ የቆሙባትን ቦታ እንኳ አልቀየሩም። ድሮ የነእትዬ ሜቲ ጣሪያ ይጋርድ ስለነበር መንጠራራት ነበረባቸው። አሁን ከፊታችን የነበሩት ቤቶች ስለተነሱ ሕንፃው ከእግር እስከ ራሱ ወለል ብሎ ይታያል። «ይኸው የአማኑን መስኮት ገለጡልን» አሉኝ። ሳቅኩላቸውና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ስለ ሰፈራችን ሰምተህ ይሆናል፤ እውነት ነው። የመነሳት ተራው ደርሶናል፤ ከተማው ዳር ላይ ኮንዶሚኒየም ተሰጥቶናል። አባባ ግን ዕቃ አላስነካ ብለዋል። አዲሱን ቤት ሄደን እንይ ስላቸው አማኑ ሲመጣ አብረን እናያለን ይላሉ። «ከፊልድ ሲመለስ ቤቱን ቢያጣውስ?» ብለው ጠየቁኝ ትናንት፤ የሞባይል ዘመን መሆኑን የረሱት መሰለኝ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። አባባ ለሬዲዮናቸው ባትሪ ሊገዙ ሁዘይፋ ጋ ሄደው ነበር። ሁዘይፋ አንተ ያነሳሃት ቀበሮ ያለችበትን ካላንደር ከባንኮኒው በላይ ሰቅሎታል፤ አልፈርድበትም፣ ኮርቶብህ ነው። አባባን ታውቃቸዋለህ፤ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት የጨረሱ ሰው፣ ከግርጌ በደቃቁ የተጻፈ ነገር አያልፋቸውም። «ፎቶ፦ ዘአማኑኤል ተስፋማርያም፣ ሳነቴ» የሚለውን አነበቡ። ሁዘይፋን «የባንኩ ካላንደር ነው?» አሉት። እሱ ደንግጦ «መሰለኝ» አለ። ባትሪውን ሳይዙ ነው የተመለሱት። ምሳ ሳቀርብላቸው እንጀራውን እያዩ «ወደይ፣ እንታይ ጌሮምኻ» አሉ፣ ልጄ ምን አደረጉህ ማለታቸው ነው። ትግርኛቸው የሚመጣው ሆዳቸው ሲባባ ብቻ እንደሆነ ታውቃለህ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን አሁን አልጽፍልህም። ለራሴም ገና አልተዋጠልኝም።

ሲምረት


ሳነቴ፣ ጥቅምት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሲሙ፣

ሰላምታዬን አሳጠርኩ፣ ይቅርታ። «ከዚያ በኋላ ያደረጉትን አልጽፍልህም» ተብሎ ደብዳቤ ይዘጋል? ፈየራ ወረቀቱን ከሰጠኝ ጀምሮ ቀበሮዋ አጠገቤ ብታልፍ አላይም። አመማቸው? ወደቁ? ምንም ይሁን ምን ጻፊልኝ።

መጀመሪያውኑ ለምን እውነቱን አልነገርካቸውም ብትይኝ፣ ከረባቱን አስታውሺ። ባንክ የገባሁ ቀን ለሠርጋቸው የገዙትን ከረባት ከሣጥን አውጥተው በገዛ እጃቸው አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። ሲያስሩ እጃቸው ኮሌታዬ ላይ ቆየ። እንግዲህ ያንን እጅ ምን ብዬ ልንገረው? ከረባቱ አሁን እዚህ ከኔ ጋር ነው። የካሜራ መቆሚያዬ አንድ እግር ተሰብሮ አስሬበታለሁ። ሌላ ማሰሪያ ጠፍቶ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ አልጠፋም፣ እጄ የደረሰው እሱ ላይ ነው። ባየሁት ቁጥር ፈትቼ ልጠበው እላለሁ፣ ደግሞ ብርሃኑ ጥሩ ይሆንና እተወዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ሆኛለሁ።

መቼ ትመጣለህ ትይኝ ይሆናል። እናቲቱ ጉድጓድ ከገባች ሰነበተች፤ እዚያው ሳትወልድ አልቀረችም። ቡችሎቹ ኅዳር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ብርሃን ይወጣሉ። ሥራ የለቀቅኩት ይኼን ለማየት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ኅዳርን ልቆይና ታኅሣሥ መጥቼ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ ቻይልኝ። ባልጠይቅሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ቻይልኝ።

አማኑ


ካዛንቺስ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘአማኑኤል፣

አልታመሙም፣ አልወደቁም። አቤቱታ ጻፉ። ለባንኩ።

የሰፈሩን ሰው አቤቱታ ሁሉ ሲጽፉ የኖሩ ሰው፣ ተራው ለራሳቸው ደረሰ። ረቂቁን አስነበቡኝ፣ ፊደል ተገድፎ እንደሆነ እንድመለከትላቸው። እንዲህ ይላል፦ «ልጄ አቶ ዘአማኑኤል ተስፋማርያም ያለ አንዳች ጥፋት ከሥራ መደቡ ተነስቶ፣ በብርድ አገር የአውሬ ፎቶ አንሺ ሆኖ ተመድቦ በእንግልት ላይ ስለሚገኝ፣ ወደ ቀድሞ ወንበሩ እንዲመለስልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ»። ገባህ አይደል? ካላንደሩን አይተው ባንኩ በደለው፣ ከደረጃው አወረደው አሉ። እሳቸው የሚያውቁት ፎቶ አንሺ የጉርድ ፎቶ የሚያነሳውን ነው። አንተ ወደህ ታደርገዋለህ ብለው ለአንድ አፍታም አላሰቡም። እኔ ደግሞ «ጥሩ ተጽፏል» አልኳቸው።

በማግስቱ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ሄዱ። ዘበኛው አላስገባም ሲላቸው «የሠራተኛ አባት ነኝ» ብለው ገቡ። የተቀበለቻቸው አዚዛ ናት፣ አጠገብህ ትቀመጥ የነበረችው። ኋላ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ሻይ አስመጣችላቸው፣ አቤቱታውን ተቀበለቻቸው፣ ከዚያ «አባባ፣ ቀርቧል፤ ይታያል» አለቻቸው። ምን ትበል? ወንበርህ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጧል። አባባ አዩትና «እስኪመለስ ተወክሎ ነው?» አሏት። «አዎ፣ ተወክሎ ነው» አለች። ሲወጡ ለልጁ «አደራህን፣ ወረቀቱን እንዳታዘባርቅበት» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ከዚያ ቀን ወዲህ መልስ እየጠበቁ ነው። ከሥራ ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ባንኩ አልደወለም?» ነው።

ባለፈው የወረዳ ሰዎች ለምዝገባ መጥተው «አባባ፣ እርስዎ ተነሺ ነዎት?» አሏቸው። «እኔ አልተነሳሁም፣ የተነሳው ልጄ ነው፣ ከወንበሩ» አሉ። ሰዎቹ ግራ ገባቸው። እኔ ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም። አየኸው አማኑ፣ ለኛ ቤት አንድ ቃል በቅቷል፤ አንተ አንሺ፣ እኛ ተነሺ። አንተ ደስ ብሎህ ታነሳለህ፤ ውሸትህን የምንሸከመው ግን እኔ፣ ሁዘይፋና አዚዛ ነን። አዚዛ ምን በወጣት?

ታኅሣሥ አልከኝ። ታኅሣሥ ይኼ ቤት የለም። የተሰጠን ቀን ኅዳር አጋማሽ ነው፤ እሳቸው ደግሞ የአቤቱታዬ መልስ ሳይመጣ ንቅንቅ አልልም ብለዋል። ሰዎቹ ሲመጡ የማይመጣ ደብዳቤ እየጠበቁ በር ላይ እንዲቆሙ ነው የምትፈልገው?

ከእንግዲህ አልዋሽልህም። እውነቱንም አልነግርልህም። እሱ ያንተ ነው።

ሲምረት


ሳነቴ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፣

በሁሉም ነገር ልክ ነሽ። ከዚህ ጋር ሌላ ደብዳቤ ታሽጓል፤ ለአባባ ነው። አንቺ እንዳታነቢላቸው። መነጽራቸውን ስጫቸውና ወደ ግቢው ውጪ።

ምን ጻፍክ እንደምትይኝ አውቃለሁ። አንዱን ብቻ ልንገርሽ። ይቅርታ የጠየቅኳቸው ስለ ሥራው አይደለም፤ በሥራዬ አላፍርም፣ አፈርኩ ብል ሌላ ውሸት ይሆናል። ይቅርታ የጠየቅኩት ስለ ቃሉ ነው። «ፊልድ ነው?» ሲሉኝ በር ላይ የነበረችዋን አፍታ ነው ወስጄ የጻፍኩት። እሳቸው ሙሉ ልብስ ለብሰው ለኔ ሊለምኑ ሲሄዱ እኔ ሣር ላይ ተኝቼ ደስ ሲለኝ ነበር። ይኼንንም ጽፌዋለሁ። ስንት ወረቀት እንዳበላሸሁ ፈየራ ያውቃል፤ እሳት የምናያይዘው በሱ ነው።

ለአዚዛ ራሴ ጽፌላታለሁ። ከአባባ መልስ ካልመጣ አትጠይቂያቸው። ዝም ቢሉኝ ይገባኛል።

አማኑ


ካዛንቺስ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ዘአማኑኤል ተስፋማርያም
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አቤቱታ ስለ ማንሳት

ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው፣ በእርስዎ ስም ለባንኩ አቅርቤው የነበረውን አቤቱታ ዛሬ ጠዋት በአካል ተገኝቼ ያነሳሁ መሆኑን አስታውቃለሁ። ወይዘሪት አዚዛ ወረቀቱን ስትመልስልኝ ይቅርታ ጠይቃኛለች። የጠየቀችው ያለ ጥፋቷ ስለሆነ አልተቀበልኳትም። በወንበርዎ ላይ ያለውን ወጣት ተወካይ ብዬ ስለነበር እኔም እሱን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

አንድ ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ከወንበሩ ሲነሳ ለቅርብ አለቃው ብቻ ሳይሆን ለአባቱም ማሳወቅ ይገባው ነበር። ይህ ግድፈት ነው። ሰው አቤቱታ ሊያጽፈኝ ሲመጣ መጀመሪያ እውነቱን ንገረኝ እለው ነበር። የራሴን ስጽፍ ግን እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ጠፋ። ሕንፃው ሥር ቆሜ ማንን እለምን እንደነበር ሳስበው ፊቴ ይግላል። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑ አይደለም። ውሸት ነው፤ እንድታዝን ነው።

ፎቶ አንሺ በመሆንህ አልተቀየምኩም ልል ነበር። እሱም ትንሽ ከፍቶኛል። ሆኖም ሁዘይፋ ዘንድ ተመልሼ ካላንደሩን መነጽሬን አድርጌ አየሁት። አውሬዋ አትሸሽም። ያነሳትን ሰው አምናዋለች። ይህ ልጅ እንዲህ መታመንን ከየት ተማረ ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ደግሞ እቤቱ ለምን አልተጠቀመበትም አልኩ።

የመነሻውን ወረቀት ፈርሜያለሁ። ኅዳር 14 ቀን እንነሳለን። ዕቃውን ሲምረት ማሰር ጀምራለች። ትናንት ፎቶዎቹን ስናወርድ አንድ ነገር ታዘብን። የእናትህ ፎቶ አለ፣ የምረቃችሁ አለ፣ የክርስትናችሁ አለ። ቤቱ ግን የለም። በሩ፣ ግቢው፣ እናትህ የተከለችው ዘይቱን፣ አንዱም የለም። ያን ሁሉ ዘመን ካሜራ ይዘህ በዚህ በር ስትወጣና ስትገባ አንድ ቀን ዞር ብለህ አላየኸውም።

ስለዚህ አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፣ ይህንን ደግሞ «ይታያል» ተብሎ እንዲመለስልኝ አልፈልግም። ወደይ፣ ሳንነሳ አንሳን።

ተስፋማርያም

ግልባጭ፦ ለወይዘሪት ሲምረት ተስፋማርያም (ከፊቴ ቆማ እያነበበች ስለሆነ)


ከአዲሱ ቤት፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ አማኑ፣

እንዴት ነህ? ብርዱስ? እኛ ደህና ነን፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነን፣ ንፋስ እንደ ጉድ ነው። አሁን ስፒከር ላይ ብትደውልም ምንም አይደለም፤ ግን ደብዳቤ ለመድኩ፣ ምን ላድርግ።

ፈየራ ፎቶውን አደረሰልን። አንተ በመጣህ ጊዜ ቡችሎቹ ከጉድጓድ መውጣታቸውን የነገረን እሱ ነው፤ አንተ አልነገርከንም። የወራት ልፋትህ እኛ በር ላይ ቆመህ ሳለ እንዳመለጠህ አባባ ሰሙ። «አውሬዋ ለሚመጣው ዓመትም ትወልዳለች?» ብለው ፈየራን ጠየቁት። ትወልዳለች ሲላቸው እፎይ አሉ።

ከፎቶው ጋር «አባባ ወደ ካሜራው ያዩበትን አላገኘሁም፣ ይቅርታ» ብለህ ጽፈሃል። እውነት ነው፣ የለም። ከረባቱን ከመቆሚያህ ፈትተህ ስትሰጣቸው ጭቃውን እንኳ ሳያራግፉ ነው ያሰሩት። በሩ ላይ ቆሙ፣ እኔ ከጎናቸው፣ ዘይቱኑ ከኋላችን። ያን ሁሉ ጊዜ «አባባ፣ ወደዚህ» ስትል እሳቸው ቀና ብለው ሰባተኛውን ፎቅ ነበር የሚያዩት። ፎቶው ሲመጣ ለምን ወደ ላይ እንዳዩ ጠየቅኳቸው። «እንጃ፣ ልማድ ነው። ወረቀት የሚያውለበልብ ካለ ብዬ» አሉኝ። ይኼን ልጻፍልህ አልጻፍልህ ብዬ ሰነበትኩ። ከእንግዲህ አንዳችን ሌላውን ልናተርፈው ብለን ነገር አንደብቅ ብዬ ጻፍኩት።

ቤቱ ጠባብ ነው። አልጋህን ለእትዬ ሜቲ ሰጠን፣ ቁም ሣጥኑ በደረጃው አልወጣ ብሎ ተሸጠ። አባባ የሚጠቀሙበትን ዕቃ ሁሉ ለቅቀው አንድ ተጨማሪ ወንበር ግን አልለቅም አሉ። መስኮቱ ሥር አድርገውታል፣ ፎቶው ከበላዩ ተሰቅሏል። እሳቸው አይቀመጡበትም፣ እኔንም አያስቀምጡኝም።

ትናንት ከታች ፎቅ ያሉት አዲሱ ጎረቤታችን አቶ ሃብተአብ ሊተዋወቁን መጡ። ወንበሩን ሳብ አድርገው ሊቀመጡ ሲሉ አባባ ክንዳቸውን ያዝ አድርገው ወደ ሶፋው መሯቸው። ከዚያ ፎቶውን በጣታቸው አሳዩአቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እሱ የልጄ ወንበር ነው» አሏቸው። «እኛን ያነሳን እሱ ነው። አሁን ፊልድ ላይ ነው»።

እህትህ ሲምረት